አክስታችሁን ሳይመሽ እንዴት ትሸኛላችሁ

የእናቴን ታላቅ እህት እታለም ነበር የምንላቸው፣ ባለፈው ክረምት አረፉብን። የኛ ስህተት ምን መሰላችሁ፣ መሸኘት ማለት ቀብር ይመስለን ነበር። ቀብር እኮ ይሮጣል! ጠዋት ያረፈ ሰው ከሰዓት ይቀበራል፣ እድር ድንኳንና ወንበሩን ያመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ አዲስ አበባ ያለው ባህር ዳር እስኪደርስ ሰው ከመቃብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነው። ስለዚህ በሕይወት ሳሉ ቀደም ብላችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ የክርስትና ስማቸውን ጠይቁ። ቀልድ አይደለም፣ ፍትሐት ሊጀመር ቄሱ «ወለተ ማን ልበል?» ሲሉ እኛ የእህትና የወንድም ልጆች 8 ሆነን ቆመን እርስ በርስ ተያየን፣ አንዳችንም አናውቅም፣ የጽዋ ማህበርተኛቸው የሆኑ እናት ናቸው ከኋላ የነገሩልን። እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ። የንስሐ አባታቸውንም ስልክ ያዙ። የእድር ደብተራቸውን እዩና ውዝፍ ካለ ዝም ብላችሁ ክፈሉ።

ስትሄዱ ደግሞ «ልሰናበትዎት ነው የመጣሁት» እንዳትሉ፣ ሟርት ነው፣ ናፍቀውኝ ነው በሉ። ቪዲዮ ይቅር፣ ካሜራ ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም ይላሉ። ድምፅ ብቻ ቅዱ፣ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ቡናው የዘጌ ቢሆን ነው የሚመረጠው (እታለም ሌላ ሲቀርብላቸው አንድ ፉት ብለው ሲኒውን ያዩት ነበር)። እኔ ጋ 11 ደቂቃ አለች፣ ሙቀጫው ይሰማል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ እሳቸው ልጅ ሆነው በታንኳ ከዘጌ ወደ ገበያ ሲመጡ ጣና ላይ ንፋስ ተነስቶ ጌሾው በሙሉ እንደራሰባቸውና ማንም አልገዛም ብሎ ተሸክመውት እንደተመለሱ ያወራሉ፣ መሃል ላይ «ጠጣ እንጂ ቀዘቀዘ» ይሉኛል። ይቺን ለምንም አልለውጣትም።

መውጣት ከቻሉ ባጃጅ ኮንትራት ይዛችሁ ሐይቁ ዳር ውሰዷቸው፣ በጠዋት ታዲያ፣ ከሰዓት ንፋሱ አያስቀምጥም። ጉልበት ስማችሁ ሳትመረቁ አትነሱ።

ካረፉ በኋላ ሩቅ ላለ ልጅ መርዶውን በስልክ አትንገሩ፣ ዘመድ በማለዳ ቤቱ ሄዶ ይንገረው፣ እኛ ጋ አንዱ ፌስቡክ ላይ አይቶ ነው የሰማው፣ እስካሁን አኩርፎናል፣ እውነቱን ነው። የሕይወት ታሪኩ ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ነው የቆመው። ሳልስት ካለፈ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሁሉም ሻንጣውን ይይዛል፣ ያኔ አንድ ሰው ቢያንስ እስከ ሰባት ቀን ይቅር፣ ቤቱ የሚከብደው ያኔ ነው።

ለአርባው ተዝካር መዋጮውን ቶሎ ሰብስቡ፣ ጾም ላይ ከዋለ ወጡ የጾም ይሆናል ያ አያስጨንቅም፣ የሚያስቸኩለው ጠላው ነው፣ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይጠንሰስ። ጌሾውን ከዘጌ አስመጡ፣ ደረቁን ታዲያ።