የዶሮ ምንቃር ሲረዝም እንዴት ይቆረጣል?

ገብስማዋ ዶሮዬ ጥሬ ስትለቅም እያየኋት ነበር። ትነቁራለች፣ ፍሬው ያመልጣታል። ደግማ ትነቁራለች፣ አሁንም ያመልጣታል። ሌሎቹ ጠግበው ሲበተኑ እሷ እዚያው ቀረች። ይዤ ሳያት የላይኛው ምንቃሯ ቆልመም ብሎ ከታችኛው አልፎ ወርዷል።

የላይኛው ምንቃር ከታችኛው ትንሽ መብለጡ ጤናማ ነው። እኩል ላድርገው ብላችሁ እንዳትነሱ። የሚነካው ለመብላት ወይም ላባዋን ለማበጠር ሲያስቸግራት ነው። በትልልቅ እርባታ ቤቶች ዶሮዎቹ እንዳይነካከሱ እየተባለ የሚደረገው ቆረጣም ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሕይወት ያለው ክፍል ጭምር ይነሳል፣ ያማል። እኛ የምንነካው ጫፉን ብቻ ነው።

ምንቃር ላዩ እንደ ጥፍራችን ነው፣ ቢቆረጥ አያምም። ከሥሩ ግን ደም ሥር፣ ነርቭና አጥንት አለ። ጣጣው ሁሉ እዚያ ነው።

የጥፍር መቁረጫ (የውሻ ቢሆን ይመረጣል)፣ የጥፍር ሞረድ፣ ፎጣ፣ ባትሪና ትንሽ የበቆሎ ስታርች አዘጋጁ። ስታርቹን አስቀድማችሁ ክፈቱት። ዶሮ ታቅፎ ክዳን መክፈት ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ።

ሰዓቱ ማታ ይሁን፣ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ። በጨለማ ዶሮ ገራም ናት። ክንፎቿን ሰብስባችሁ በፎጣ ጠቅልሏትና ጭናችሁ ላይ አስቀምጧት። ግን ደረቷን አታጥብቁ። ዶሮ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ነው፤ ደረቷ ከተጨቆነ ትታፈናለች። ምንቃሯ ላይ ያሉትን የአፍንጫ ቀዳዳዎችም በጣት እንዳትደፍኑ። የሚይዝላችሁ ሰው ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ።

አሁን ባትሪውን ከምንቃሩ ጀርባ አብሩ። ቀለሙ ፈዛዛ ከሆነ ውስጡ ቀላ ያለው ሕይወት ያለው ክፍል ነው፤ ከእሱ በታች ብርሃን የሚያሳልፈው ጫፍ ደግሞ የእናንተ ድርሻ። ምንቃሯ ጥቁር ከሆነ ይህ አይታይም። እንደዚያ ከሆነ መቁረጫውን ተዉት፣ በሞረድ ብቻ ሥሩ።

ስትቆርጡ ምላሷ መሃል እንዳይገባ እያያችሁ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ንሱ። ከዚያ ሞረዱን ከሥር ወደ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ ሳቡ፤ ወዲያ ወዲህ ከፈተጋችሁት ሊሰነጠቅ ይችላል። አንዱ ጎን ከረዘመ ያንን ጎን ብቻ ሞርዱ። ይበቃል፣ መልሷት። ከሳምንት በኋላ ትንሽ ትደግማላችሁ።

እኔ መጀመሪያ ቀን ይህን አልሰማሁም። አንዴ ከያዝኳት ልጨርሰው ብዬ ቀጭ አደረግኩት። ዶሮዋ በፎጣው ውስጥ ተወራጨች፣ ጫፉ ላይ ጠብታ ደም ቋጠረ። ስታርቹን በጣቴ ጫን አድርጌ ጥቂት ደቂቃ ያዝኩት፣ ቆመ። ሁለተኛው ስህተቴ ግን ወዲያው ከጓደኞቿ ጋር መቀላቀሌ ነው። ጠዋት ደሙን አይተው ሲነቁሯት ደረስኩ። ዶሮ ቀይ ነገር ካየ አይለቅም። የደማች ዶሮ ቁስሉ እስኪደርቅ ለብቻዋ ትቆይ፣ መኖዋም በውኃ ለስለስ ይበል። ደሙ አልቆም ካለ ወይም ስንጥቁ እስከ ሥሩ ከሄደ ግን ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

ላይና ታች ምንቃሩ እንደ መቀስ የተላለፈ ዶሮ ካላችሁ መቁረጥ አያቀናውም። እየተከታተላችሁ ማሳጠር ብቻ ነው። ለእሷ የሚሻለው ጎድጓዳ ዕቃ ነው፤ መኖውን እርጥብ አድርጋችሁ ብትሰጧት እየዛቀች ትበላለች።

የገብስማዋ ምንቃር በ3 ዙር ተስተካከለ። ከዚያ በረቱ ውስጥ ሻካራ ጡብ አስቀመጥኩ፣ አንዳንዴም ጥሬውን እሱ ላይ እበትናለሁ። ወለሉ ሁሉ ለስላሳ ገለባ ስለነበር ለካ ምንቃሯን የሚስልላት ነገር አጥታ ኖሯል። አሁን በልታ ስትጨርስ ጡቡ ላይ ግራ ቀኝ ትጠርገዋለች። ሞረዱን ካነሳሁት ቆየሁ።