ከፋብሪካ በመጣ የመኪና ቴፕ ላይ ሰብዉፈር ሲገጠም፦ ችግርና መፍትሄ

ከመኪናው ጋር የመጣ ቴፕ አብዛኛውን ጊዜ የአርሲኤ (የድምፅ ሲግናል ገመድ የሚሰካበት) መውጫም፣ ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየር የሚያስነሳ የሪሞት ሽቦም የለውም። ስለዚህ ሲግናሉ ከስፒከር ሽቦ ተጠልፎ፣ ለአርሲኤ እንዲመጥን በሚቀንሰው ኮንቨርተር ያልፋል። ችግሩም ባመዛኙ የሚመጣው ከዚሁ ጠለፋና ከማሳው (ከቦዲ ጋር ከሚታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦ) ነው፤ ሰብዉፈሩን (ቤዝ፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር) ከመንቀልዎ በፊት ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይያዙ።

አምፕሊፋየሩ አይበራም

በአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭና ማሳ ብሎን መካከል ዲሲ ቮልት ይለኩ። ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ዜሮ ከሆነ ወይ ባትሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይ ማሳው አልያዘም። ቮልቱ ካለ ሪሞቱን ይለኩ። እዚያ ከሌለ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ፊውዝ መስመር ይሳቡ። ሁልጊዜ ኃይል ካለው ከሳቡ ግን አምፕሊፋየሩ ሳይጠፋ ያድርና ባትሪውን ይጨርሰዋል።

የተቃጠለን ፊውዝ ከፍ ባለ አይተኩ። ፊውዙ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ሽቦውን ከእሳት ነው፤ ከባትሪው ከ45 ሳንቲሜትር ባልራቀ ቦታ መቀመጥ ያለበትም ለዚህ ነው።

ሞተር ሲነሳ ያፏጫል፣ ነዳጅ ሲሰጥ ፉጨቱ ይቀጥናል

ቀጭን ድምፅ የሚያግደው ሎው ፓስ ፊልተር 80 ኸርዝ ላይ ከሆነ ሰብዉፈር ቀጭን ፉጨት እምብዛም አያሰማም። ከተሰማ ፊልተሩ ጠፍቶ ይሆናል። እሱን ማብራት ግን ፉጨቱን ይደብቀዋል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። ምንጩን ለማግኘት የአርሲኤውን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ።

ፉጨቱ ከቀጠለ ማሳውን ይጠርጥሩ። ሽቦው ከ50 ሳንቲሜትር የማይበልጥ፣ ውፍረቱም ከፖዘቲቩ እኩል ይሁን፤ ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ላሜራው ባበራበት ቦታ ይታሰር። የመቀመጫ ቀበቶ ብሎን ላይ በፍጹም አያያይዙት። ሙዚቃው ጮክ ብሎ እየተጫወተ ከአምፕሊፋየሩ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ከ0.5 ቮልት በላይ ከታየ ማሳው ደካማ ነው።

ፉጨቱ ከቆመ ጥፋቱ ከሲግናሉ በኩል ነው። የኮንቨርተሩን ማሳ ከአምፕሊፋየሩ ማሳ ጋር አንድ ቦታ ያያይዙ፤ አርሲኤውን የኃይል ሽቦው ካለፈበት በተቃራኒው የመኪናው ጎን ይውሰዱት። የስፒከርን ኔጋቲቭ ግን ቦዲ ላይ አያያይዙ፤ በአብዛኞቹ ቴፖች ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ቮልት ስላላቸው ቴፑ ሊቃጠል ይችላል።

ድምፅ ሲጨመር ቤዙ ይጠፋል

ይህ ብልሽት አይደለም። ብዙ ቴፖች ትናንሾቹ የበር ስፒከሮች እንዳይቀደዱ ሲጮሁ ቤዙን ራሳቸው ይቀንሳሉ። የአምፕሊፋየሩን ጌይን (የሲግናል ማጉያ ማስተካከያ) መጨመር አይረዳም፤ ቴፑ ዝቅ ሲል ቤዙ ይገናል፣ ሲጨምር ደግሞ ያው ይጠፋል። ለማረጋገጥ 50 ኸርዝ፣ ቀጥሎ 1000 ኸርዝ ድምፅ እያጫወቱ በስፒከሩ ሽቦ ላይ ኤሲ ቮልቱን በየደረጃው ይለኩ። የ1000ው እየጨመረ የ50ው ከቆመ መፍትሄው የተቀነሰውን ቤዝ የሚመልስ ፕሮሰሰር ነው። የፋብሪካ አምፕሊፋየር ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ጠለፋው ከትዊተር (ቀጭን ድምፅ ከሚያወጣው ትንሽ ስፒከር) ሽቦ አለመሆኑን ይዩ፤ እዚያ ቤዙ አስቀድሞ ተቆርጧል።

ቤዙ ከመጀመሪያውም የሳሳ ነው

ባላንሱን ወደ አንድ ጎን ያዙሩ። ቤዙ ከጨመረ ከተጠለፉት ሁለት ስፒከሮች የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገልብጧል፤ ግራና ቀኙ ሲደመሩ ይጣፋሉ። ለውጥ ከሌለ የሰብዉፈሩን ሁለት ሽቦዎች ገልብጠው ሾፌሩ ወንበር ላይ ሆነው ያዳምጡ፤ የበረታውን ይተዉት።

ፕሮቴክት መብራት ይበራል

ይህ መብራት አምፕሊፋየሩ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ሲዘጋ ይበራል፤ መጀመሪያ የሰብዉፈሩ ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) እንዳላነሰ ይዩ። እያንዳንዱ ኮይል 4 ኦም የሆነ ባለ ሁለት ኮይል ሰብዉፈር በፓራለል (ጎን ለጎን ሲታሰር) 2፣ በሲሪየስ (ተከታትሎ ሲታሰር) 8 ኦም ይሆናል። ሁለት እንደዚህ ዓይነት ሁሉም በፓራለል ከታሰሩ 1 ኦም ይወርዳሉ፤ ብዙ አምፕሊፋየር ይህን አይሸከምም። ኦሙ ትክክል ከሆነ ጌይኑ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ሰብዉፈሩን ነቅለው፣ ቤዝ ቡስቱን (የቤዝ ማጉያውን) አጥፍተው፣ የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርገው 50 ኸርዝ ያጫውቱ፤ ለ300 ዋት በ2 ኦም የአምፕሊፋየሩ መውጫ 24.5፣ በ4 ኦም 34.6 ኤሲ ቮልት ሲደርስ ጌይኑን እዚያው ያቁሙ።