ለአማተር የእግር ኳስ ውድድር ዳኛ መመደብና ማብቃት

ምደባውን ከጨዋታው ቢያንስ 5 ቀን ቀድማችሁ አሳውቁ። መቀበሉን ያላረጋገጠ ዳኛ እንዳልተመደበ ቁጠሩት፤ ለየቀኑም አንድ ተጠባባቂ ያዙ። ከተጋጣሚዎቹ በአንዱ ውስጥ ዘመድ ያለውን ዳኛ አትመድቡ፤ ውሳኔው ትክክል ቢሆንም የሚያምነው የለም።

ጀማሪን ወዲያው ፊሽካ አታስይዙት። መጀመሪያ ልምድ ካለው ዋና ዳኛ ጋር በመስመር ዳኝነት ጥቂት ጨዋታዎች ይሥራ። እዚያ የሚበዛው ስህተት ኳሷን እያዩ መቆም ነው። ቦታው ከመጨረሻው ሁለተኛ ተከላካይ ትይዩ ነው፤ ኳሷ ለግብ መስመሩ ይበልጥ ከቀረበች ደግሞ ከኳሷ ትይዩ። ከጨዋታ ውጭ (ኦፍሳይድ) አቋም ላይ መገኘት ብቻውን ጥፋት ስላልሆነ፣ ተጫዋቹ በጨዋታው እስኪሳተፍ ባንዲራው ይቆይ። ቸኩሎ የተነሳ ባንዲራ ትክክለኛ ግብ ያስከለክላል።

ፊሽካ የያዘ ጀማሪ ኳሷን ከኋላ ይከተላል፤ ስለዚህ ንክኪውን በተጫዋቾች ጀርባ ተከልሎ ያጣዋል። ሜዳውን በሰያፍ እየሮጠ ጨዋታውን በራሱና በመስመር ዳኛው መካከል እንዲያደርግ አስተምሩት። ካርድ ሲያሳይ የተጫዋቹን ቁጥርና ደቂቃውን እዚያው ይጻፍ። ያልተመዘገበ ቢጫ ካርድ ሁለተኛው ሲመጣ መባረር ያለበትን ተጫዋች ሜዳ ላይ ያስቀራል።

ከጨዋታው በኋላ ለብቻው አነጋግሩት፣ ተጫዋቾች ፊት ፈጽሞ አይሁን። አስቀድሞ እሱ ይናገር፤ ከዚያ "የት ቆመህ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ከሁለት ነጥብ በላይ አትጫኑበት። አሠልጣኝ ወይም ተመልካች ከሰደበው ግን ሪፖርቱን በዚያው ዕለት አብራችሁት ጻፉ፤ ብቻውን የተተወ ጀማሪ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም።