ፖርቱጋል ውስጥ ቋንቋውን ሳይችሉ ስልክ ሲደውሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአካል ሲሄዱ ወረቀት ያሳያሉ፣ በጣት ይጠቁማሉ፤ የሚያነጋግርዎት ሰውም ፊትዎን አይቶ እንዳልገባዎት ይረዳል። በስልክ ይህ ሁሉ የለም። የቀረዎት ድምፅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥሪው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን ከመንካትዎ በፊት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ባዶ እጅ መደወል ይመስለኛል። የሚደውሉበትን ጉዳይ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በፖርቱጋልኛ አስተርጉመው፣ አነባበቡን በራስዎ ፊደል ጽፈው ከፊትዎ ያስቀምጡ። ከሥሩ ስምዎን፣ የትውልድ ቀንዎን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ባለ 9 አሃዙን የግብር መለያ ቁጥር፣ ማለትም «ኒፍ» የሚሉትን፣ ጉዳዩ የጤና ከሆነም የ«ኡተንት» ቁጥርዎን፣ ማለትም የመንግሥት ጤና አገልግሎት ተጠቃሚ መለያዎን ያስፍሩ። «አፐሊዱ» ብለው ሲጠይቁዎት የቤተሰብ ስም ማለታቸው ነው፤ ፓስፖርትዎ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈውን ይንገሯቸው እንጂ ሌላ አይጨምሩ። የእኛን ስም በጆሮ ብቻ ሰምቶ መጻፍ ለእነሱ ከባድ ስለሆነ ፊደል በፊደል ይናገሩ። ፖርቱጋሎች ለዚህ የከተማ ስም ይጠቀማሉ፦ ኤ እንደ አቬይሩ፣ ሲ እንደ ኮይምብራ፣ ኤፍ እንደ ፋሮ፣ ኤል እንደ ሊዝቦዋ። ለራስዎ ስም የሚሆኑትን አስቀድመው ካዘጋጁ ብዙ ድካም ይቀርልዎታል።

ሁለተኛው፣ ስልኩ እንደተነሳ በእንግሊዝኛ መንደርደር ነው። ያነሳው ሰው «ሽቶ?» ወይም «ሽቶ ሲን?» ይላል፤ «ሃሎ» ማለቱ ነው። መጀመሪያ «ቦን ዲያ» ይበሉ፤ ከምሳ በኋላ ከሆነ «ቦዋ ታርድ»። ቀጥሎ «ፋላ ኢንግሌሽ?» ብለው ይጠይቁ። ሊዝበን፣ ፖርቶና አልጋርቭ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ማግኘት አይቸግርም፤ በትናንሽ ከተሞች ግን መልሱ «ናውን»፣ አይ፣ ሊሆን ይችላል። ስፓኒሽ የሚችሉ ሰዎች በእሱ ይመካሉ። ፖርቱጋሎች ስፓኒሽ በአብዛኛው ይገባቸዋል፤ ችግሩ እነሱ ሲመልሱ አናባቢዎቹን ስለሚውጧቸው እርስዎ አለመስማትዎ ነው። ያን ጊዜ «ማይሽ ደቫጋር፣ ፑር ፋቮር» ይበሉ፤ ቀስ እንዲሉልዎት መጠየቅዎ ነው። «ናውን ደሽሊግ» ከተባሉ ደግሞ አይዝጉ፤ ይጠብቁ ማለት ነው።

ቀንና ሰዓት ላይ የሚፈጠረው ስህተት ቀጠሮ ያሳልፋል። የሳምንቱ ቀናት በቁጥር ስለሚጠሩ ብዙ ሰው ሰኞን አንድ ብሎ ይቆጥርና «ኳርታ»ን ሐሙስ ያደርገዋል። ቆጠራው ግን ከእሁድ ነው፤ በአማርኛም እንዲሁ መሆኑ እጅግ ይጠቅመናል። «ሰጉንዳ» ሁለተኛ፣ ሰኞ፤ «ኳርታ» አራተኛ፣ ረቡዕ፤ «ኪንታ» አምስተኛ፣ ሐሙስ። ሰዓቱን እንደሰሙት ይጻፉት፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይሩት ስልኩን ከዘጉ በኋላ ይሁን። «ኪንዝ ኦራሽ» 15 ሰዓት፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሦስትና ስድስት፣ «ትሬሽ» እና «ሳይሽ»፣ በስልክ ስለሚቀራረቡ ቁጥር ሲነገርዎት አንድ በአንድ መልሰው ይበሉላቸው። ከቻሉ ቀጠሮውን በአጭር መልእክት ወይም በኢሜይል እንዲልኩልዎት ይጠይቁ።

የትርጉም አፕን በዚያው በሚደውሉበት ስልክ ለመጠቀም መሞከርም ብዙዎችን ያስቸግራል። አብዛኛውን ጊዜ አፑ የጥሪውን ድምፅ አይሰማም። አንዱን ስልክ በስፒከር አድርገው፣ አፑን ሌላ ስልክ ላይ ይክፈቱ። ለሐኪም ወይም ለሕግ ጉዳይ ግን አፕ አይበቃም፤ ቋንቋውን የሚችል ሰው አጠገብዎ ይኑር።

ቁጥሩን በተመለከተ፦ የፖርቱጋል ቁጥር 9 አሃዝ ነው። ከውጭ ሲደውሉ የአገሩን መለያ 351ን ያስቀድማሉ እንጂ መሐል ዜሮ አያስገቡም። በ2 የሚጀምረው የቤት ወይም የቢሮ፣ በ9 የሚጀምረው ሞባይል ነው። በ808 የሚጀምሩት ከውጭ አገር ብዙ ጊዜ አይሠሩም፤ የጤና ምክር የሚሰጠው መስመር 808 24 24 24 ከእነዚህ አንዱ ነውና አገር ውስጥ ሆነው ይደውሉ።

የመጨረሻው ሕይወት ላይ የሚመጣ ነው፤ ቋንቋ አልችልም ብሎ የድንገተኛ አደጋ ቁጥሩን 112ን አለመደወል። ጥሪው ነጻ ነው። መጀመሪያ ያሉበትን ቦታ ይናገሩ፤ የመንገዱን ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ከተማውን። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ የት እንዳሉ ይታወቃል። 112ን የሚያነሳው ፖሊስ ሲሆን፣ ሕመም ወይም ጉዳት ከሆነ ጥሪውን አምቡላንስ ወደሚልከው ተቋም፣ ወደ ኢነም ያስተላልፈዋል። በዚህ መሐል ዝምታ ወይም ሌላ ድምፅ ሲሰሙ የተቋረጠ መስሏቸው የሚዘጉ አሉ። አይዝጉ፤ ዝጉ እስኪሉዎት ድረስ መስመሩ ላይ ይቆዩ።