በዌዘርስፑን የኤል ፌስቲቫል ቢራ እንዴት ቀምሰን እናወዳድር?

ዌዘርስፑን የሚባለውን የፐብ (የእንግሊዝ መጠጥ ቤት) ሰንሰለት እንግሊዝ አገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሰሜን ለንደን ውስጥ በአንድ ፐብ ነው የጀመረው። አሁን በየከተማው አለ። ይህ ድርጅት ብዙ ጊዜ በዓመት ሁለቴ፣ በማርችና በኦክቶበር አካባቢ፣ የኤል (የእንግሊዞች የቆየ የቢራ አይነት) ፌስቲቫል ያዘጋጃል። ሁለት ሳምንት ለማይሞላ ጊዜ እስከ 30 የሚደርሱ ቢራዎች በፐቦቹ ይዞራሉ። አንዳንዶቹን ከሌላ አገር የመጡ ጠማቂዎች እዚያው እንግሊዝ ፋብሪካ ገብተው ነው የሚጠምቋቸው።

የማርቹ ለብዙዎቻችን አይመችም፣ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። እኔ የምመክረው የኦክቶበሩን ነው።

ብዙ ሰው ፌስቲቫሉ ላይ ይጠጣል እንጂ አይቀምስም። በማግስቱ የትኛው ተመቸህ ሲሉት "ሁሉም አሪፍ ነበር" ይላል። ያ ሁሉ ሰው የደከመበት ቢራ እንዲህ መታለፉ ያሳዝናል። የትኛውን እንደወደዳችሁና ለምን እንደወደዳችሁ አውቃችሁ መውጣት ትችላላችሁ፤ ከባድ አይደለም፣ ግን ሥርዓት ይፈልጋል።

ሲጀመር የምትጠጡትን እወቁ

አገር ቤት የለመድነው ቢራ በአብዛኛው ላገር የሚባለው አይነት ነው። ተጣርቶ፣ ጋዝ ገብቶበት፣ ከፍሪጅ ቀዝቅዞ ይወጣል። ፌስቲቫሉ ላይ የሚቀርበው ካስክ ኤል (በርሜል ውስጥ የሚበስለው ኤል) ግን አልተጣራም፣ ፓስቸራይዝም አልተደረገም። እርሾው በርሜሉ ውስጥ ገና በሕይወት አለ። የተረፈውን ስኳር እየበላ ጋዙን ራሱ ይሠራል፣ ለዚህ ነው ጋዙ ለስለስ የሚለው። የሚቀርበውም ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ባለው የምድር ቤት ቅዝቃዜ ነው።

መጀመሪያ የሚቀምስ ሐበሻ "ይሄ ሞቋል፣ ጋዙም ወጥቷል" ማለቱ አይቀርም። አልሞቀም። ብዙ ቅዝቃዜ ሽታን ይደብቃል፣ ኤል ደግሞ ግማሽ ነገሩ ሽታው ነው። በመጀመሪያው ጉንጭ አትፍረዱ። ሁለት ሦስት ጉንጭ ጠብቁት።

ሆፕ የሚባለውን ተክል ደግሞ ጠላ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ሆፕ ለቢራ ይሠራል፤ ያመርረዋል፣ እንዳይበላሽም ይጠብቀዋል። ሆፕ በዚያ ላይ ሽታ ይጨምራል። ፈግልና ጎልዲንግስ የሚባሉት የእንግሊዝ ሆፖች የአፈርና የዕፅዋት ጠረን አላቸው። የአሜሪካው ሲትራ ብርቱካን፣ ሎሚና ማንጎ ይሸታል። ይህችን ልዩነት ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳን ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል።

ፐብ መምረጥ

ሰው የሚበዛበትን ምረጡ። ምክንያት አለኝ። የካስክ በርሜል አንዴ ከተከፈተ አየር ይገባዋል፣ ከዚያ በኋላ ጥሩ ሆኖ የሚቆየው ሦስት ቀን ገደማ ነው። የተለመደው በርሜል ፈርኪን ይባላል፣ 72 ፓይንት (41 ሊትር ገደማ) ይይዛል። ጭር ያለ ፐብ ይህን ሁሉ በሦስት ቀን አይጨርስም። ስለዚህ እዚያ የምትጠጡት ቢራ ጠማቂው የሠራው ሳይሆን አየር ያደከመው ሊሆን ይችላል።

ሰላሳውም ቢራ በአንድ ቀን በአንድ ፐብ አይገኝም። በርሜል ሲያልቅ ሌላ ይተካል። መቅጃው ላይ የተሰቀለው የቢራው ምልክት ፊቱን አዙሮ ካያችሁት ወይ አልቋል ወይ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ፣ የሥራ ቀን ላይ ሂዱ። ሰው ሳይጨናነቅ አስተናጋጆቹን ማናገር ትችላላችሁ።

በስልክ አፕ አዝዞ ጠረጴዛ ድረስ ማስመጣት ይቻላል። ለምግብ ጥሩ ነው። ለፌስቲቫል ግን ተነሱና ባንኮኒው ጋ ሂዱ። እዚያ ሆናችሁ "ይሄ በርሜል መቼ ተከፈተ?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊትም ትንሽ አቅምሱኝ ብትሉ ብዙ ጊዜ ያቀምሷችኋል።

ከመሄዳችሁ በፊት

ብሉ፣ ግን በርበሬ የበዛበት ወጥ አይሁን። አፍ እየተቃጠለ ምሬትን መመዘን አይቻልም። ቡናም ቀደም ብላችሁ ጠጡ። ሽቶ አትቀቡ፣ የእናንተንም የጎረቤታችሁንም አፍንጫ ይዘጋል። የሊፕስቲክ ቅባት አረፋ ያጠፋል፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። መኪናችሁ ቤት ትቅር።

ስልክ ላይ ኮከብ የሚሰጥባቸውን የቢራ አፖች ለዚህ ሥራ አልወዳቸውም። የሌላው ሰው ነጥብ አስቀድሞ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ምላሳችሁ እሱን ማረጋገጥ ነው የሚይዘው። ፌስቲቫሉ ለየቢራው የጣዕም መግለጫ የያዘ ዝርዝር አለው። ከእሱ ላይ ስሙን፣ አይነቱንና የአልኮል መጠኑን ብቻ አንብቡ። መግለጫውን ለመጨረሻ አቆዩት። "ካራሜልና ብርቱካን" የሚል አንብቦ የቀመሰ ሰው ካራሜልና ብርቱካን ማግኘቱ አይቀርም።

ሦስት ሦስት አድርጉ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው። በእንግሊዝ ሕግ ሲሶውንም፣ ማለትም 189 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ መሸጥ ይፈቀዳል። ፌስቲቫሉ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ሲሶዎችን በአንድ ፓይንት ዋጋ ይሰጣሉ፣ ሦስቱም የተለያየ ቢራ መሆን ይችላሉ። ሙሉ ፓይንት እያዘዙ ማወዳደር አይቻልም። ሁለተኛው እስኪመጣ የመጀመሪያውን ረስታችሁታል። የምታወዳድሩት ቢራውን ሳይሆን ትዝታችሁን ነው የሚሆነው።

ሦስቱን እንዴት ትመርጣላችሁ? ብዙ ሰው የተለያየ ነገር ላግኝ ብሎ አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ወርቃማ ያዝዛል። ያኔ የምታውቁት ጥቁር ቢራ ከወርቃማው እንደሚለይ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ሳትቀምሱም ታውቁታላችሁ። ይልቅ አንድ ነገር ብቻ የሚለያያቸውን ምረጡ። ሦስት ቢተር (መረር ያለ የእንግሊዝ ኤል) ከሦስት ጠማቂ፣ የአልኮል መጠናቸው የተቀራረበ፤ ለምሳሌ ሁሉም 4 በመቶ አካባቢ። ወይም ሦስት ወርቃማ ኤል፣ አንዱ በእንግሊዝ ሆፕ፣ ሌሎቹ በአሜሪካና በኒውዚላንድ ሆፕ የተጠመቁ። ሌላው ሁሉ ሲቀራረብ ልዩነቱ ራሱ አፍ አውጥቶ ይናገራል።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ከቀላል ወደ ጠንካራ፣ ሆፕ ካነሰው ወደ በዛው ሂዱ። የሆፕ ምሬት አፍ ውስጥ እየተከማቸ ነው የሚሄደው። አንድ ጓደኛዬ በተቆላ ብቅል በከበደና አልኮሉም ከፍ ባለ ጥቁር ቢራ ጀመረ፣ ከዚያ በኋላ የመጣለትን ሁሉ "ውሃ ነው" እያለ ገፋው። ከገፋቸው አንዱ ማይልድ የሚባለው ለስላሳ ጠቆር ያለ ኤል ነበር፤ የዚያን ቀን ከቀረቡት ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ። እንግዲህ ከማይልድና ከቢተር ጀምሩ፣ ወደ ወርቃማውና ሆፕ ወደሚበዛበት አይፒኤ እለፉ፣ ፖርተርና ስታውት የሚባሉት ጥቁር ቢራዎች መጨረሻ ይምጡ። ጥቁር ቢራ ሁሉ ግን ጠንካራ አይደለም፤ ከቀለሙ ይልቅ ቁጥሩን እመኑ።

አሁን ቅመሱ። መጀመሪያ አሽቱ፣ ሽታው ቶሎ ስለሚበን። ብርጭቆውን በመዳፍ ክደኑ፣ ትንሽ አሽከርክሩ፣ ከዚያ አጠር አጠር አድርጋችሁ ሳቡ። ጉንጭ ሙሉ ጠጡና ዋጡት። ወይን ቀማሾች ይተፋሉ፣ ቢራ ግን ከተዋጠ በኋላ የሚቆየው ምሬት የፍርዱ ትልቅ ክፍል ነው። ምሬቱ ቶሎ ለቀቀ ወይስ ተጣብቆ ቀረ? ጣፋጭነቱስ ምሬቱን ይመጥነዋል? በራሳችሁ ቃል አንድ መስመር ጻፉ። የባለሙያ ቃል አያስፈልግም። "የተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት" ከ"በጣም አሪፍ" መቶ እጅ ይሻላል።

ከግራ ወደ ቀኝ ቀምሳችሁ ስትጨርሱ ውሃ ጠጡና ከቀኝ ወደ ግራ ተመለሱ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፣ ውጤቱ ግን ይገርማል። ቅድም አንደኛ ያላችሁት ወደ ሦስተኛ ሊወርድ ይችላል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጉንጭ ሁልጊዜ ይጣፍጣል። ከዚያ አስር ደቂቃ ተዉትና እንደገና ቅመሱ። ሞቅ ሲል ጥሩ ቢራ ይከፈታል፣ ደካማው ጉዱ ይወጣል።

ራሳችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ

ጠማቂዎች በሥራ ቦታቸው የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። ሦስት ብርጭቆ ይቀርባል፤ ሁለቱ አንድ አይነት ቢራ፣ አንዱ ሌላ። ቀማሹ የተለየውን ያወጣል። የሲሶ ብርጭቆዎቹ ለዚህ የተሠሩ ነው የሚመስሉት። ጓደኛችሁ ሄዶ ያዝዝ፣ የቱ የት እንዳለ በወረቀት ይያዝ፣ እናንተ አትዩ። የሁለቱ ቢራዎች ቀለም የማይቀራረብ ከሆነ ዓይናችሁን ጨፍኑ።

በግምት የመምታት ዕድላችሁ ከሦስት አንድ ነው። ስለዚህ አንዴ መምታት ምንም አያረጋግጥም፣ ቦታ እያቀያየራችሁ ደጋግሙት። ደጋግማችሁ ካልለያችሁት "ያኛው በጣም ይበልጣል" ያላችሁት በስሙ ወይም በምልክቱ ተስባችሁ ሊሆን ይችላል። ይህን ማወቅ አያሳፍርም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ የምትሰጡት ፍርድ ይጠራል።

የተበላሸ ቢራ

ጉሽ መሆን ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሆን ተብሎ ደፍረስ ተደርጎ የሚጠመቅ ኤል አለ። ብዙው ካስክ ግን የሚጠራው ከዓሣ ፊኛ በሚሠራ አይዚንግላስ በሚባል ነገር ነው። ከእንስሳ የተገኘ ነገር የማትቀምሱ ከሆነ ቬጋን ተብሎ የተጻፈበትን ፈልጉ።

አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። ኮምጣጤ ከሸተተ በርሜሉ ቆይቷል። የቅቤ ሽታ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ የቀረ ነገር ነው፤ በጥቂቱ ሲሆን በአንዳንድ የእንግሊዝ ኤል ይታለፋል፣ ሲበዛ ግን ጥፋት ነው። የተቀቀለ በቆሎ፣ አረንጓዴ ፖም፣ የሆስፒታል መድኃኒት ከሸተተም ተጠራጠሩ። ካላመናችሁት መልሱት። አንድ ሌላ ፐብ ውስጥ ጥርት ያለ ኮምጣጤ ይዤ ስመለስ "ጣዕሙ እንዲህ ነው" ተብያለሁ። አልተከራከርኩም፣ ግን ሁለተኛ አልሄድኩም። ደግ ፐብ ሳያንገራግር ይቀይራል። በትሕትና ጠይቁ እንጂ አትፍሩ።

ፀሐይ ካለም ሆፕ የበዛበትን ቢራ ይዛችሁ ውጭ አትቀመጡ። ብርሃን ከሆፕ ጋር ሲገናኝ በደቂቃዎች ውስጥ መጥፎ ሽታ ያመጣል፣ ከዚያ ጥፋቱን በጠማቂው ታሳብባላችሁ።

ስንት ይበቃል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሚሊ ሊትሩን በአልኮሉ መቶኛ አባዙ፣ ለ1000 አካፍሉ፤ የሚወጣው ዩኒት የሚባለው የአልኮል መለኪያ ነው። 4.5 በመቶ የሆነ ሲሶ 0.85 ዩኒት ገደማ ነው። ስድስት ሲሶ ሁለት ፓይንት ማለት ስለሆነ ወደ 5 ዩኒት ይጠጋል። የእንግሊዝ የጤና ምክር በሳምንት ከ14 ዩኒት አትለፉ፣ እሱንም በሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቀናት ከፋፍሉት ይላል። በእኔ እምነት ስድስት ሲሶ የአንድ ቀን ልክ ነው። ሞቅታው ሲመጣ ሁሉም ቢራ ይጣፍጣል፣ ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ነገር አይጠቅምም። በየሁለቱ ሲሶ መሃል አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። ጨው የሌለው ብስኩት ወይም ደረቅ ዳቦ ካለ ጥሩ፣ ጨውና ኮምጣጤ ያለበትን ቺፕስ ግን ለመጨረሻ አቆዩት።

አሁን መግለጫውን አንብቡና ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩት። ሁለቱ ባይገጥሙ የራሳችሁን አትሰርዙ።

አንደኛ ያላችሁትን ቢራ በሌላ ቀን፣ ሌላ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ግማሽ ፓይንት ብቻ ጠጡ። እዚያም ያው ከሆነ ምስጋናው የጠማቂው ነው። ከተለየ ደግሞ በርሜሉ ከተከፈተ ስንት ቀን እንደሆነው ጠይቁና መልሱን ከማስታወሻችሁ ጎን ጻፉት።