የናሙና ውጤትን በሁለተኛ ሐኪም ለማስመርመር፦ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ስላይዱንና ብሎኩን ይዘው ይሂዱ

አንገት ላይ የወጣ ንፍፊት ሳምንታት አልፈውት አልጠፋ ሲል አገራችን ውስጥ ሐኪም ቀድሞ የሚጠረጥረው የእጢ ቲቢን ነው። ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ የእጢ ቲቢ እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ይይዛል። ችግሩ ሊምፎማ የሚባለው የእጢ ካንሰርም አጀማመሩ ይመሳሰላል። ሳያም ያብጣል፣ ማታ ማታ ያልባል፣ ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ሰውነት ይከሳል። በቀጭን መርፌ (ኤፍኤንኤ) የተወሰደ ናሙና ሁለቱን ሳይለይ ሲቀር ታማሚው 6 ወር ሙሉ የቲቢ መድኃኒት ሲውጥ ይከርምና ካንሰሩ በዚያው ልክ ጊዜ ያገኛል።

ሌላ ሐኪም ማማከር የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው። ግን አብዛኛው ሰው የውጤቱን ወረቀት ብቻ ይዞ ሌላ ክሊኒክ ይገባል። አዲሱ ሐኪም ወረቀቱን ያነብና «አዎ ቲቢ ነው፣ መድኃኒቱን ይቀጥሉ» ይላል። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ሰው አስተያየት ሁለት ጊዜ ተነበበ እንጂ ሁለተኛ አስተያየት አልተገኘም። ሁለተኛው ሰው ማየት ያለበት ከሰውነትዎ የወጣውን ናሙና ራሱን ነው፤ ማለትም መስታወት ላይ የተለጠፈውን (ስላይድ) እና በሰም የተቀበረውን (ብሎክ)።

መቼ ያስፈልጋል?

ውጤቱ ትልቅ ኦፕራሲዮን፣ ኪሞ ወይም ወራት የሚፈጅ መድኃኒት የሚያስከትል ከሆነ፣ ወይም ሕክምናው የተጠበቀውን ለውጥ ካላመጣ። ሌላው ምልክት ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ነው። የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ «ሰጀስቲቭ»፣ «ሰስፒሺየስ»፣ «ኢናዲኩዌት» የሚሉትን ፈልጉልኝ ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ። የመጀመሪያው «ወደዚያ ያመለክታል»፣ ሁለተኛው «ያጠራጥራል»፣ ሦስተኛው «ናሙናው በቂ አይደለም» ማለት ነው። ሦስቱም እርግጠኛ ውጤት አይደሉም፤ ካርዱ ላይ ሲገለበጡ ግን ብዙ ጊዜ ጥርጣሬው ይወድቅና የበሽታው ስም ብቻ ይቀራል።

የእጢ ቲቢ ሕክምና የጀመረ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። መድኃኒቱ እየሠራም ንፍፊቱ ለጊዜው ሊያብጥ፣ መግል ሊቋጥር፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ማበጡ ብቻውን «ተሳስተዋል» አያሰኝም። ሁለት ወር ሞልቶ ትኩሳቱና ላቡ ካልቀነሰ፣ ክብደት መቀነሱ ከቀጠለ፣ ወይም ብብትና ብሽሽት ላይም እጢ እየወጣ ከሆነ ግን ናሙናው እንደገና ይታይ። መድኃኒቱን የተለማመደ ቲቢም ሊሆን ስለሚችል ምርመራው እሱንም ይጨምር። ይህ ሁሉ እስኪጣራ መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።

መጠበቅ የማይቻልበትም ጊዜ አለ። ትርፍ አንጀት፣ ስትሮክ፣ የማይቆም ደም፣ የመተንፈስ ችግር ሌላ ሐኪም ፍለጋ የሚኬድባቸው አይደሉም። ከሊምፎማ ውስጥም በርኪት የሚባለው ዓይነት በቀናት ውስጥ የሚያድግ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሐኪም የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት ቀን መቆየት እችላለሁ?» ነው። የሚነግርዎን ቀን ይጻፉትና በዚያ ውስጥ ይጨርሱ።

ሐኪምዎን ማሳወቅ

ብዙ ሰው ሐኪሙ ይቀየመኛል ብሎ ይደብቃል። መደበቅ ግን ስላይዱንም ብሎኩንም ያሳጣል፤ ላብራቶሪው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሐኪም ደብዳቤ አይሰጥምና። «ዶክተር፣ ከመጀመራችን በፊት ሌላ ሐኪምም ቢያየው ደስ ይለኛል፤ ስላይዱንና ብሎኩን የምወስድበት ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ማለት ይበቃል። ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም በዚህ አይከፋም።

ብሎኩንና ስላይዱን ማውጣት

ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ምን እንደሚጠይቁ በደንብ ይወቁ። በቢላ የተወሰደ ሥጋ ላብራቶሪ ሲገባ ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፈሳሽ (ፎርማሊን) ከጠነከረ በኋላ በነጭ ሰም (ፓራፊን) ውስጥ ይቀበራል። ብሎክ የሚባለው ይህ ነው። ከክብሪት ቀፎ የምታንስ የፕላስቲክ ሳጥን ላይ የተጣበቀ ሰም ሲሆን፣ መሐሉ ላይ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ቁራጭ ይታያል። በሳጥኑ ጎን ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ተራ ቀለም በአልኮል ስለሚታጠብ። ከብሎኩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ ተቆርጦ መስታወት ላይ ተለጥፎ ሲቀለም ደግሞ ስላይድ ይሆናል።

ስላይዱ አንድ ገጽ ነው ቢባል ብሎኩ መጽሐፉ ነው። ስላይድ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ሁለተኛው ፓቶሎጂስት (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ሐኪም) ሌላ ቀለም ወይም ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባለውን ምርመራ ልጨምር ቢል የሚቆረጥ ነገር የለውም። የሊምፎማን ዓይነት ለመለየትም ሆነ የጡት ካንሰር ለሆርሞን መድኃኒት ይመልስ እንደሆነ ለማወቅ ይህ ምርመራ የግድ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ይጠይቁ። ላብራቶሪው ብሎኩን አልሰጥም ካለ (አንዳንዱ አንድ ቅጂ ነው ብሎ ይከለክላል፣ ምክንያቱ ይገባኛል) ከብሎኩ ተቆርጠው ቀለም ያልገባባቸው ከ10 እስከ 15 ስላይዶች እንዲሠሩልዎ ይጠይቁ፤ ሥጋው እንዳይላጥ «ቻርጅድ» በሚባለው መስታወት ላይ ይሁን።

በመርፌ ብቻ የተወሰደ ናሙና ብዙ ጊዜ ብሎክ የለውም። ያሉት የተቀለሙት ስላይዶች ብቻ ናቸው፤ ከተሰበሩ የሚቀረው እንደገና መወጋት ነው።

ከላብራቶሪው መስኮት ከመራቅዎ በፊት ቁጥሮቹን ያስተያዩ። ወረቀቱ ላይ፣ ስላይዱ ላይና ብሎኩ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ወረቀቱ ሦስት ብሎክ ነበር ካለ ሦስት ይቀበሉ፤ ካንሰሩ ያልሰጡዎት ብሎክ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ ፊልም ካለዎትም ሙሉው ምስል ያለበትን ሲዲ ይጠይቁ።

ብሎኩ በመኪና መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ ሰሙ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። ስላይዱ በስላይድ ሳጥን ይያዝ፤ በሶፍት ጠቅልሎ ኪስ መክተት መስበር ነው። ወደ ውጭ አገር ለዘመድ የሚላክ ከሆነም ብሎክ ፈሳሽ የለውምና ከፎርማሊን ጠርሙስ ይልቅ ለመጓዝ ይቀላል። የስላይድ ፎቶ በቴሌግራም መላክ ግን አልመክርም። ከማይክሮስኮፕ በስልክ የተነሳ ፎቶ ማየት የሚቻለው ያነሳው ሰው የመረጠውን ቦታ ብቻ ነው፤ የተሳተው ነገር ደግሞ ባልተመረጠው ቦታ ነው የሚሆነው። ወረቀቱን ለመላክ ቴሌግራም ይበቃል፤ ጽሑፉ እንዳይደበዝዝ «ፋይል» ብለው ይላኩት።

ማን ይየው?

አንድ ፓቶሎጂስት ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል፣ ከሰዓት በግል ላብራቶሪ ሊሠራ ይችላል። ሕንፃ ቀይረው ገንዘብ ከፍለው ናሙናው ተመልሶ ለዚያው ሰው ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ውጤቱ ሥር ያለውን ስምና ፊርማ ይመልከቱና አዲሱ ቦታ ላይ «የሚያነበው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ስሙ አንድ ከሆነ ወደ ሌላ ይሂዱ።

የሚያክምዎትም ሐኪም በአካል ይይዎት። አስታማሚ ብቻውን ወረቀት ይዞ ሄዶ የሚያመጣው ምክር ጎዶሎ ነው። ብብትዎንና ብሽሽትዎን ሳይዳስስ፣ ጣፊያዎ ማበጡን ሆድዎን በእጁ ሳይፈትሽ ስለ ንፍፊት የወሰነ ሐኪም ምርመራውን አልጨረሰም።

አቀራረቡም ለውጥ ያመጣል። «ቲቢ ነው ብለውኛል፣ እውነት ነው?» ሲባል ሐኪሙ ሳያስበው ወደ ተባለው ያዘነብላል። ከመጀመሪያው ቀን ይጀምሩ፦ መቼ ወጣ፣ ስንት ነበር፣ የቱ ቀደመ፣ ምን መድኃኒት ተወሰደ። ከዚያ «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። ለፓቶሎጂስቱ ግን ዕድሜዎን፣ እጢው የተወሰደበትን ቦታ፣ የኤችአይቪ ውጤትዎንና የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩ፤ የቀድሞውን ወረቀት ስላይዱን ካየ በኋላ እንዲያነበው ይጠይቁት።

ናሙናው ራሱ ካልበቃ

ሁለተኛው ሐኪም «በዚህ መወሰን አልችልም» ካለ ብር አልባከነም፤ ናሙናው እንደገና ይወሰዳል። ለሊምፎማ ጥርጣሬ መርፌ አይበቃም፤ የእጢው ውስጣዊ አወቃቀር እንዲታይ አንዱ እጢ ሙሉውን ይውጣ። ከዚያ በፊት ለእብጠት ተብሎ የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን ወይም የዴክሳ መርፌ ከመጣ ናሙና ገና አለመወሰዱን ይናገሩ። እነዚህ መድኃኒቶች ሊምፎማን ለጊዜው ያሟሙትና ናሙናው ውስጥ እንዳይታይ ያደርጋሉ።

ጠርሙሱን ይዞ ወደ ላብራቶሪ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ስለሆነ ይህን ቤተሰቡም ይወቅ። ፎርማሊኑ ከሥጋው 10 እጥፍ ይሁን፤ ሥጋው ዘልቆ ካልተነከረ መሐሉ ይበሰብሳል። በፎርማሊን ፈንታ ግሉኮስ ወይም ሳላይን ውስጥ ያደረ ሥጋ ለፓቶሎጂ አይሆንም። በአንጻሩ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ባክቴሪያ በማሽን ለሚፈልገው ምርመራ) እና ለቲቢ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለሚያየው ምርመራ) የሚሄደው ቁራጭ ፎርማሊን ሊነካው አይገባም፤ ፎርማሊን ባክቴሪያውን ይገድላልና አያድግም። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት «ናሙናው ለሁለት ይከፈልልኝ፣ ግማሹ በፎርማሊን፣ ግማሹ በንጹህ ዕቃ ያለ ፎርማሊን» ብለው ይጠይቁ። ይህች ዓረፍተ ነገር ከተረሳች ሙሉው ፎርማሊን ውስጥ ይገባና የቲቢው ጥያቄ ያለ መልስ ይቀራል። ስሙ ደግሞ በጠርሙሱ አካል ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ከክዳን ይለዋወጣል።

ያንኑ ደካማ ምርመራ ሌላ ቦታ መድገምም ዋጋ የለውም። ዊዳል የሚባለውን የታይፎይድ የደም ምርመራ ሦስት ላብራቶሪ ሄዶ ሦስቴ «ፖዘቲቭ» ያገኘ ሰው ሦስት ማስረጃ አላገኘም። ምርመራው ድሮ የታመመንና ሌላ በሽታ የያዘውንም ሊቆጥር ይችላል። እዚያ የሚጠቅመው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የሚወሰድ የደም ካልቸር ነው።

ሁለቱ ካልተስማሙ

ሦስተኛ ሐኪም ፈልጎ በድምፅ ብልጫ መወሰን መፍትሔ አይደለም። ሁለቱንም «ልዩነታችሁን የሚፈታው የትኛው ምርመራ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ቀለም ወይም አንድ ሙሉ እጢ ይፈታዋል። ፓቶሎጂስቶቹ በስልክ እንዲነጋገሩ መጠየቅም ይቻላል፤ ስላይዱን አብረው ሲያዩ ከሁለቱ አንዱ ያላስተዋለው ቦታ ይገኛል። የተስማሙበትን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ሕክምናው የሚጀመረው በዚያ ወረቀት ነው።

ብሎኩን በመጨረሻ ለወጣበት ላብራቶሪ ይመልሱና የመለሱበትን ፊርማ ያስቀምጡ። በሽታው ከዓመታት በኋላ ቢመለስ አዲሱን እጢ የሚያነጻጽሩት ከዚያ ብሎክ ጋር ነው።