በሦስት እንጨት የሚቀየስ እርከን

ዝናቡ እንደ ድሮው አልሆነም። ጠፍቶ ጠፍቶ አንድ ቀን ከሰዓት ላይ ያለውን ሁሉ ይደፋዋል። ያ ውሃ አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ከገባ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ በቆሎው ጠውልጎ ታገኙታላችሁ። ጎርፉም ድርቁም ያው አንድ ችግር ነው፦ ውሃው የወደቀበት አልቆመም። ተዳፋት ማሳ ላይ የሚያቆመው እርከን ነው። ኮንሶዎች ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ ሲሠሩት ኖረዋል፣ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. መዝግቦላቸዋል። እኛ በአፈር እንሥራው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቅየሳው ላይ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን በዓይን ግምት ቆፈርኩት። ልክ የሆነ መስሎኝ ነበር፤ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ግን ውሃው ሁሉ ዝቅ ወዳለች አንዲት ቦታ ተሰብስቦ እርከኑን በጥሶ ከታች ቦረቦር ከፈተብኝ። ባልነካው ይሻል ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያ ሥሩ። ሁለት ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶችን አናታቸው ላይ በምስማር አያይዙና እግራቸውን ክፈቱ፤ ወገባቸው ላይ አግዳሚ ምቱበት። ከአናቱ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ አንጠልጥሉ፣ ድንጋዩ ከአግዳሚው ዝቅ ይበል። አሁን ሁለቱ እግሮች ያረፉበት ላይ ችካል ትከሉ፣ ሲባጎው አግዳሚውን የነካበትን በከሰል አስምሩ። ከዚያ መለኪያውን አዙሩት፤ ግራው እግር የቀኙን ቦታ ይያዝ፣ ቀኙም የግራውን። እንደገና አስምሩ። የሁለቱ ምልክቶች መሃል ልኩ ነው፤ ሲባጎው እዚያ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ነፋስ ሲኖር ግን አትሞክሩት፣ ድንጋዩ ሲወዛወዝ ያበሽቃል።

ከማሳው አናት ጀምሩ። አንዱን እግር አቁማችሁ ሌላውን ወደ ላይ ወደ ታች እያላችሁ ሲባጎው ልኩ ላይ ሲያርፍ ችካል ምቱ፣ ቀጥሉ። መስመሩ ቢጠማዘዝ አትደንግጡ፣ መሬቱ ነው የጠመዘዘው። በ10 ሜትር ርቀት 1 ሜትር የሚወርድ ማሳ ከሆነ በየ10 ሜትሩ አንድ እርከን ይበቃዋል።

ችካሎቹን ተከትላችሁ ቦይ ቆፍሩ፤ ስፋቱ 60፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አፈሩን ወደ ታችኛው ጎን አውጡና በደንብ ረግጡት፣ ከረገጣችሁትም በኋላ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይኑረው። ቦዩ ውስጥ በየ3 እስከ 6 ሜትሩ ያልተቆፈረ አፈር ተዉ፤ ውሃው ወደ አንድ ጎን እንዳይሮጥ የሚያደርገው እሱ ነው። አፈሩን ወደ ላይ ከጣላችሁት ፋኒያ ጁ የሚሉት ይሆናል፤ ማሳውን ቶሎ ይደለድላል፣ ጉልበት ግን ይበላል።

ውሃ የሚተኛበት ሜዳማ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ላይ ይሄን እንዳትሠሩ። እዚያ ጭንቁ ውሃውን ማስወጣት ነው፤ 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ እያደረጋችሁ ዝሩ።

እርከኑ ላይ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሳር ትከሉ፣ ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል፣ ለከብትም መኖ ነው። ታጭዶ ይሰጥ እንጂ ከብት አይውጣበት፣ ልቅ ግጦሽ አንድ ክረምት አያሻግረውም። ስታርሱም ቁልቁል ሳይሆን እርከኑን ተከትላችሁ እረሱ።

ይሄ ሁሉ በበጋ ይለቅ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንዳባራ አካፋ ይዛችሁ ዙሩ፤ ቦዩ ውስጥ ውሃው የት ጋ በዝቶ እንደተኛ እዩና በዚያ በኩል ያለውን አፈር ከፍ አድርጉት።